ጂቱ ያነሳችው ፒያኖ

«ሽማግሌ እንዳትልክ።»

የጂቱ ደብዳቤ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሰላምታ የለ፣ «ይድረስ» የለ፣ ጤናዬም አልተጠየቀ። ከሮቤ ጎባ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር ጉርሜሳ ሱቄ በር ላይ ክላክስ አድርጎ በመስኮት ሲያቀብለኝ፣ እኔ ሞኙ የእጅ ጽሑፏን አይቼ ከደስታዬ ብዛት «ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም!» ብዬው ነበር። ዕድሜ ለተሳፋሪዎቹ፣ ጮኹበትና ሄደ። እሱ ፊት አንብቤው ቢሆን ኖሮ ሲመሽ ሮቤ ውስጥ ወሬዬን ያልሰማ ሰው አይገኝም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ የቀራቸው ሁለት ሳምንት ነው። ጾም ሳይገባ፣ በየካቲት የመጀመሪያው እሁድ፣ አጋርፋ፣ አባቷ ቤት። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ለምኜ፣ አንደኛውን ለማሳመን ቴሌቪዥኑን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜ፣ ጫማዬን ሳይቀር አሠርቼ ነበር። እና አሁን ይኸው፣ አንድ መስመር።

እኔ አቤሴሎም እባላለሁ። ጎባ ውስጥ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። ጂቱን ያወቅኋት ከሁለት ዓመት በፊት ሲንተሳይዘሯን ታቅፋ ሱቄ ስትገባ ነው። «ሦስት ቁልፎች ድምፅ ከለከሉኝ» አለች። እኔ ቁልፎቹን ትቼ እሷን ሳይ፣ ሳይ፣ ቆየሁ። ጠበቀችኝና ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ፣ «የተበላሸው እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተበላሸው እኔ ነኝ።

በመካከላችን የነበረው ነገር ብዙ ነው። አባቷ አቶ ባዳሳ አጋርፋ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ ወንጌላዊ እምነት ያላቸው ሰው ናቸው፤ እሷም ኪቦርድ የለመደችው እነሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ ደግሞ ከሰሜን መጥተው ጎባ የሰፈሩ ሰዎች ልጆች፣ የምንጾመው ጾም ተቆጥሮ የማያልቅ። እናቴ ወይዘሮ ፈለቀች ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ጎረቤት ሁሉ ማመልከቻ የሚያስነብባት ሴት ናት። የሷ ቅሬታ ግን ከሃይማኖቱም ይልቅ ሌላ ነበር። ጂቱ ሮቤ ውስጥ ከሠርግ ባንድ ጋር ትጫወታለች። «በየሠርጉ የምትዞር ሴት ቤቷ መቼ ትገባለች?» ትል ነበር እናቴ፣ ሻይ እየቀዳችልኝ።

ጠባችንን ያመጣው ግን እናቴም አይደለች፣ ሃይማኖትም አይደለም። ፒያኖ ነው። እኔው በገዛ እጄ የመረጥኩት ፒያኖ።

ጂቱ ሁለት ሲንተሳይዘር አላት፤ አንዱ ለዋሽንቱና ለክራሩ ድምፅ፣ አንዱ ለቤዙና ለምቱ። ሁለቱም ቁልፋቸው ባዶ ላስቲክ ነው። «ጣቴ የሚይዘው ነገር የለም» ትለኝ ነበር። «ዘገም ያለ ዘፈን ሲመጣ አየር ላይ የምጫወት ይመስለኛል።» የምትፈልገው የመድረክ ፒያኖ ነበር፤ በየቁልፉ ውስጥ ትንሽ መዶሻ ያለው፣ ሲነኩት ጣትን የሚገፋ፣ ሰማንያ ስምንቱም ቁልፍ የተሟላ። ለሦስት ዓመት አጠራቀመች። እኔ ለመለዋወጫ አዲስ አበባ ስወርድ ገንዘቡን ሰጠችኝ።

«አንተ ጆሮ አለህ» አለችኝ። «ነካክተህ ምረጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ቀላል ይሁን። ከሲንተሳይዘሮቹ ጋር እኩል የሚሆን።»

እኩል የሚሆን ስትል በድምፅ መስሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሰው ሲወድ ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል።

ሱቁ ውስጥ ሁለት አሳዩኝ። አንዱ አሥራ ሁለት ኪሎ ነው፤ ደህና ነው፣ ነውር የለበትም። ሌላው ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። በዚህኛው ላይ አንድ ቁልፍ ስነካ ክንዴ ድረስ ተሰማኝ። ቀላል ይሁን ያለችኝን አልረሳሁም፤ ይኸን ለማለት አልደፍርም። «ክብደቱስ?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። «ክብደቱን እኔ እሸከምላታለሁ» ብዬ ራሴው መለስኩ። ከሱቁ ስወጣ ከኔ የሚበልጥ አፍቃሪ በአገሩ ያለ አልመሰለኝም።

ሮቤ የተከራየችው ክፍል ውስጥ አስቀምጬላት ስትጫወት፣ ዓይኗን ጨፍና አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። እንባዋ ወረደ። ከዚያ ተነሥታ ፒያኖውን በሁለት እጇ ልታነሳው ሞከረች። አንዱ ጫፍ ተነሣ፣ ሌላው አልተነሣም። ቀስ ብላ አስቀመጠችውና ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። እኔ ምስጋና ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ የዚያ ምሽት እንቅልፌም ጣፋጭ ነበር።

በሳምንቱ ከዲንሾ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሠርግ ነበራት። መኪናው የሚሄደው እስከ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው በፈረስ ነው የሚወጣው። እኔ የጎባ ልጅ ነኝ፣ ፈረስ የማውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። ባለፈረሱ ማሜ የሚባል የዲንሾ ሰው፣ ጂቱን ከድሮ የሚያውቃት ነው። ሁለቱን ሲንተሳይዘሮች ከነማቆሚያቸው ባንድ ጎን አሰረ። ከዚያ ወደ ጂቱ ዞሮ፣ «ድንጋዩስ የት አለ?» አላት።

ያኔ ነው የገባኝ። ጭነት በሁለት ጎን እኩል ካልሆነ ይንሸራተታል፤ ፈረሱም አይራመድም። የጂቱ ሲንተሳይዘሮች ከነማቆሚያቸው ሮቤ እህል በረንዳ ተመዝነው አሥራ ሁለት ኪሎ ናቸው። ስለዚህ ይቺ ልጅ ለአራት ዓመት በሌላው ጎን አሥራ ሁለት ኪሎ ድንጋይ በማዳበሪያ አስራ ነበር ዳገት የምትወጣው። በድንጋዩ ቦታ ፒያኖ ልታስር ነበር የፈለገችው። እኔ ያመጣሁላት ሃያ ሦስት ኪሎ ነው።

ማሜ አሰረው። ፈረሱ ሦስት እርምጃ ሄደና ጭነቱ ሆዱ ሥር ዞረ። ጂቱ ሮጣ ሲንተሳይዘሮቹን በደረቷ ባትቀበላቸው ጭቃ ውስጥ ነበሩ።

«ወላሂ፣ ይኼ ፒያኖ ነው ወይስ የወፍጮ ድንጋይ?» አለ ማሜ፣ ላቡን እየጠረገ።

እኔ ደግሞ አጋጣሚውን አገኘሁ። ፒያኖውን ትከሻዬ ላይ አደረግሁና፣ ሲንተሳይዘሮቹ ድንጋይ ተፈልጎላቸው በፈረስ፣ እኔ በእግሬ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጣሁ። ስንደርስ ሠርገኛው አጨበጨበልኝ፣ ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ጭቃ ለብሼ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ እንደ ጀግና ደረቴን ነፍቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብዬ፣ «ከእንግዲህ ጂቱን የፈለገ መጀመሪያ እኔን ይጥራ! ያለእኔ የትም አትሄድም!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጂቱ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ገመዶቹን መሰካካት ጀመረች። ስንመለስ በመንገድ ሁሉ ዝም አለች፤ እኔ ደክሟት ነው አልኩ። ፒያኖውን ክፍሏ ድረስ ልውሰድላት ስላት፣ «አንተ ጋ ይቀመጥ» ብላኝ ከመኪናው ወረደች። ከዚያ ስልኬን ማንሳት ተወች። ከዚያ ይኸው ደብዳቤው።

«ሽማግሌ እንዳትልክ። የመረጥከው ፒያኖ ከምመኘው በላይ ነው፣ ይኸን ልዋሽህ አልፈልግም። ግን እኔ ልጅ ሆኜ ወንድሜ ጉዲሳ ካልወሰደኝ መዝሙር ልምምድ አልሄድም ነበር። ባንድ ስገባ የባንዱ መሪ መኪና ካላመጣ ሥራ የለኝም ነበር። ከማሜ ጋር ተስማምቼ፣ ድንጋይ ለቅሜ፣ የራሴን ጭነት በራሴ መጫን ከተማርኩ ገና አራት ዓመቴ ነው። አንተ እንደምትወደኝ አውቃለሁ። ለዚህም ነው የከፋኝ። ብቻዬን የማላነሳውን ነገር ከሰጠኸኝ በኋላ ‹ያለእኔ የትም አትሄድም› አልክ። አቤ፣ እውነትህን ነበር። አትቆጣኝ። ጂቱ።»

ሁለት ቀን ሥራ አልሠራሁም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አግኝታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ እንደ ፍርድ ቤት ማመልከቻ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እኔ «ተይኝ፣ እማዬ፣ አንቺስ ደስ ይልሽ የለ» አልኳት። ክፉ ንግግር ነበር። እሷ ግን አልሰማችኝም። ደብዳቤውን በእጥፋቱ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺ ልጅ መጻፍ ትችላለች» አለች።

«ምን ይጠቅመኛል?»

«ዝም በል፣ ልንገርህ። መዝገብ ቤት በገባሁ በአራተኛው ዓመት አዲስ አበባ ለትምህርት ተመርጬ ነበር። ስሜ ተለጥፎ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹እኔ እያለሁልሽ አንቺ ለምን ትለፊያለሽ?› አለኝ። በፍቅር ነው ያለኝ፣ በእግዜር። እኔም ቀረሁ። ያቺው ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀመጥኩ።»

ይኸን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። እጇን ስይዘው ቀዝቃዛ ነበር።

«ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተጣልቼው እሄድ ነበር» አለች። «ደግ ሰውን ግን በምን ይጣሉታል? ይቺ ልጅ ይኸው እንዴት እንደሚጣሉት አገኘችው። ትዙር፣ የኔ ልጅ። እኔ ዞራ አትገባም እያልኩ ሳማት ኖርኩ። የምትገባበትን እሷ ታውቃለች።»

ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ። «ነገውኑ አዲስ አበባ ወርጄ ቀላሉን እቀይርላታለሁ!»

እናቴ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ያሳደገችኝን ልጅ ዛሬ ያገኘችው ትመስል ነበር።

«አሁንም አንተ ልትመርጥላት?»

ቁጭ አልኩ። ይኸ ሁሉ የሆነው ለምን እንደሆነ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልገባኝም ነበር ማለት ነው። ፊቴ ጋለ፤ ግን ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ቀለል አለኝ።

በማግስቱ ፒያኖውን ይዤ ወረድኩ። ባለሱቁ ጭረት ይኖረው እንደሆነ አገላብጦ አይቶ ተቀበለኝ። ሌላ ዕቃ አልነካሁም። በገንዘቡ ልክ ራሷ የፈለገችውን እንድትወስድ በጂቱ ስም ወረቀት አጻፍኩና ተመለስኩ። ያን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጉርሜሳ ሰጠሁት። አራት ጊዜ ቀድጄ የጻፍኩት ነው፤

«ጂቱ፣ ፒያኖውን መልሻለሁ። ወረቀቱ በስምሽ ነው። ሄደሽ በራስሽ ጣት ነክተሽ፣ በራስሽ እጅ አንስተሽ ምረጪ። እኔ አልከተልሽም። ስለ ድንጋዩ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ፤ ከድንጋዩ ይልቅ የሚቆጨኝ በሠርገኛው ፊት ያልኩት ነው። ሽማግሌ አልልክም፣ አንቺው ላክ እስክትይኝ። ሳትይ ብትቀሪም ሲንተሳይዘርሽ ሲበላሽ ወደኔ አምጪው። አቤሴሎም።»

ሰኞ ጉርሜሳ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጂቱን መነኸሪያ አየኋት። አዲስ አበባ ልትወርድ ነው፣ ብቻዋን» አለኝ። ዓይኔን ዓይኔን ያያል፤ ወሬ ፈልጎ። «መልካም መንገድ ይሁንላት» አልኩት። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ያን ያህል ራዲዮ በአንድ ሳምንት ጠግኜ አላውቅም። ስልኬ አጠገቤ ነበር። ሱቁ ቀኝ ነው ግራ፣ ሠራተኛው እንዳያታልላት፣ የታችኞቹን ቁልፎች አጥብቃ ትንካ፣ ልነግራት የምፈልገው ነገር ማለቂያ አልነበረውም። አልደወልኩም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ የከበደኝ ይኸ ነው፤ ማንም አያጨበጭብልኝም እንጂ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ የሽሮ ምሳዬን ይዛልኝ ሱቅ መጥታ ነበር። የጉርሜሳ ሚኒባስ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ጂቱ ወረደች። ነጠላ ሹራብ ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ አቧራ በአቧራ። በመሰላሉ ወደ ጣሪያው ወጣች። ጉርሜሳ ከታች እጁን ዘረጋላት።

«ላኪ፣ ጉርሜሳ» ስትለው ሰማሁ በኦሮምኛ፤ «ተው፣ እችላለሁ።»

እኔ ተነሥቼ በሩ ጋ ደርሻለሁ። እናቴ የሸሚዜን ጅራት ከኋላ ያዘች። «ተቀመጥ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ተመለስኩ። ጂቱ ረጅሙን ጥቁር ቦርሳ ፈታች፣ በሁለቱም ትከሻዋ አዘለችው፣ መሰላሉን ወረደች፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አይታ ተሻገረች። ሙሉ መንገዱን አየኋት። ጠረጴዛዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ስትራመድ ውበቷ እያስገረመኝ፣ እንዳላግዛት ከራሴ ጋር እየታገልኩ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ፈለቀች» አለች ገብታ፣ ጎንበስ ብላ።

እናቴ ለጂቱ ተነሥታ አታውቅም። ያን ቀን ተነሣች። ጉንጯን ሳመቻት፤ ከዚያ ፈትቼ የበታተንኩትን ቴሌቪዥን ከነብሎኑ ከጠረጴዛው ላይ ወደ ጥግ ገፋችውና፣ «እዚህ አድርጊው፣ ልጄ» አለቻት።

ጂቱ ቦርሳውን ከፍታ ፒያኖውን አስቀመጠች። ሱቁ ውስጥ ካሳዩኝ ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ሌላ ነው።

«አሥራ ሁለት ኪሎውን ነካሁት» አለችኝ፣ ዓይኖቿ ቁልፎቹ ላይ። «የታችኞቹ ቁልፎች ልል ናቸው፣ አልወደድኳቸውም። ሌላ አውጡ አልኳቸው። ይኸን ከመጋዘን አወጡት። አሥራ ሦስት ተኩል ነው። የኬብሉን ቦርሳ ወደ ሲንተሳይዘሮቹ ጎን ሳዞረው እኩል ይመጣል፣ አስቤዋለሁ። ስድስት ሰዓት ስነካካ ዋልኩ፣ አቤ። ባለሱቁ ምሳውን በልቶ ተመለሰ፣ እኔ እዚያው ነኝ።»

«ባለሱቁን አሸነፍሽው» አልኩ።

ሰካችውና ተጫወተች። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የራሷ ይመስለኛል። የግራ እጇ ታች ያሉትን ቁልፎች ሲነካ እውነትም ጠንካራ ነው፤ ያኛው ሃያ ሦስት ኪሎው ግን በድምፅ ይበልጠው ነበር። ጆሮዬ ይኸን ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። እሷ ግን ፈገግ ብላ ነበር የምትጫወተው። በዚያኛው ላይ አልቅሳ ነበር።

ስትጨርስ እጆቿን አላነሣችም።

«ያኛው የመረጥክልኝ ከዚህ ያምራል» አለች። «ያለቀስኩት ስላማረኝ ነው። ከዚያ ላነሳው ሞክሬ ሲያቅተኝ ፈራሁ።»

«ምን ፈራሽ?»

«አንተን እምቢ ማለት እንዳያቅተኝ። ደግ ነህ። ሁልጊዜ ጥሩ ነገር ይዘህልኝ ትመጣለህ። ሁልጊዜ እሺ እያልኩ አንድ ቀን የት እንዳለሁ እንዳይጠፋኝ።»

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋን አየሁት፤ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁንማ እምቢ አልኩህ። ምን እንደምትሆን ልይ ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣህብኝም፣ አልደወልክም፣ ባለሱቁ ጋ እንኳ ደውለህ ‹ይኼን ስጣት› አላልክም። ጠይቄዋለሁ።» ቀና አለች። ዓይኖቿ በእንባ ተሞልተዋል፤ ግን ትስቃለች። «እምቢ ብዬህ አየሁህ፣ አቤ። ስለዚህ እሺ ማለት እችላለሁ።»

«እሺ አልሽኝ?» አልኳት፣ በትክክል የሰማሁ ስላልመሰለኝ።

«እሁድ ላካቸው» አለች። «አባቴ ከጸሎት የሚመለሰው ሰባት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት እንዳይመጡ፣ ቆመው ይጠብቃሉ።»

«ሰባት ሰዓት» አልኩ።

«ምሳውን በሉ፣ ቀዘቀዘ» አለች እናቴ ሳትዞር፣ በለቅሶ ድምፅ። ጂቱ ሄዳ ከኋላዋ አቀፈቻት። እኔ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። ደስ አለኝ። ይኸን ስጽፍ ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የለም፣ ደስ ነው ያለኝ።